እንባ የተከለከለበት ሰሞን

ሰሞኑን ቡሬ ላይ መብራት በጠፋ ቁጥር ጎረቤቴ ያረጀ የላምባ ምድጃውን ያወጣል። ከየት እንዳቆየው እንጃ፤ ዛሬ ላምባ የሚያነድድ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ሚስቱ ሽታው ራሴን አዞረኝ እያለች ትጮኽበታለች፤ እኔ ግን በርጩማዬን አጥሩ ሥር አስጠግቼ እንደ ሞኝ እምገዋለሁ። ልጄ አንድ ቀን ደርሳብኝ "አባዬ፣ ሳንባህን ልትጨርሰው ነው?" አለችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት? ለእኔ ላምባ የማዕድ ቤት ሽታ አይደለም፤ የፍርሃት ሽታ ነው። መብራት በማይኖርበት ቀን መቀሶቼንና መርፌዎቼን የምቀቅለው በላምባ ምድጃ ነበር። የሰው ዓይን ውስጥ መቀስ ሊያስገባ የተዘጋጀ ሰው ካልፈራ መቀሱን ቀሙት፤ ይህን ለብዙ ወጣት ሐኪሞች ነግሬያቸዋለሁ፣ የሰማኝ ግን የለም።

ያኔ እሠራ የነበረው ፍኖተ ሰላም ነው። የዛሬውን ፍኖተ ሰላም ያየ ሰው ስለ ያኔው ብነግረው አጋነንክ ይለኛል። ክረምት ጭቃ፣ በጋ አቧራ የሆነ አንድ አውራ መንገድ፣ ግራና ቀኙ ቆርቆሮ ቤት፣ ከቆርቆሮው ኋላ ማንጎና ቡና። ማንጎ በደረሰ ጊዜ በስሙኒ የሚሰጡህን በአንድ እጅ አትይዘውም። ሻይ አሥራ አምስት ሳንቲም ነበር፤ ስኳሩ ግን ከቀበሌ ሱቅ በወረፋ ስለሚወጣ ሻይ ቤቱ አንዳንዴ ከረሜላ አፍህ ውስጥ ይዘህ ጠጣ ይልሃል። ወንዱ ሁሉ ካኪ ለባሽ ነው። እኔም ክርኑ ላይ ሁለት ጊዜ የተጣፈ ካኪ ኮት ነበረኝ፤ ዛሬም ቁም ሣጥኑ ውስጥ ተሰቅሏል፣ መጣል አቃተኝ። የባሕር ዳሩ ሎንቺና ደርሶ ጡሩምባውን ሲነፋ የሚጠብቀው ሰው ያለውም የሌለውም ወጥቶ ይቆማል። ከሻይ ቤቱ ሬዲዮ ማርሽ ይሰማል፤ ከማርሹ ቀጥሎ ዜና ይመጣል። በሰሜን ግንባር አኩሪ ድል ተገኘ በተባለ ቁጥር የሚያኝከው ሰው ማኘኩን ያቆማል። ድሉ በበዛ መጠን ከየመንደሩ የሚጠራው ልጅ ይበዛ ነበርና።

ያን ጊዜ ያልፈራ ሰው ካለ እኔ አላውቀውም። ገበሬው የእህል ኮታውን ይፈራል፤ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር በላዩ ያለውን ይፈራል፤ ጎረምሳ ገበያ ይፈራል። ጅጋ ገበያ የወጣ ጎረምሳ በሬ ሲያማርጥ ታፍሶ በዚያው በመኪና ወደ ማሠልጠኛ ስለሚሄድ፣ ቆይቶ ገበያው የሴትና የሽማግሌ ብቻ ሆነ። የጤፉን ጆንያ እናቶች በጀርባቸው አዝለውት ይወጡ ጀመር። እኔ ደግሞ ሐኪም ነኝና ሁሉንም አንድ ላይ እፈራለሁ። ለአንዱ ዓይኑ አይሠራም ብዬ ብፈርም የጦር ግዴታ አሰናካይ እባላለሁ፤ ባልፈርም ደግሞ የእናቱን ፊት ሐኪም ቤቱ በር ላይ ሁልጊዜ አገኘዋለሁ። ሚስቴ "አንተ እንቅልፍህ እንኳ ይደነግጣል" ትለኝ ነበር፤ ነፍሷን ይማርና።

እንዴት ዓይን ሐኪም ሆንክ ለሚለኝ ሰው የምመልሰው አንድ ነገር ነው፤ በወረንጦ። የተወለድኩት እዚሁ ቡሬ አጠገብ፣ አገውኛ ከሚናገሩ ሰዎች ነው። በዚያ መንደር በየሴቱ አንገት ከማተቡ ጋር ወረንጦ ይንጠለጠል ነበር። ወረንጦው የእግር እሾህ ይነቅላል፣ ከዚያ በላይ ግን የሚያገለግለው ለዓይን ነው። ከብዙ ዓመት የዓይን ሕመም በኋላ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይዞርና ብሌኑን እንደ ወፍጮ ይፈጨዋል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ዋርካ ሥር ተቀምጠው አንዷ የሌላዋን ሽፋሽፍት እየነቀለች ሲጫወቱ ይውላሉ። አክስቴ የዚያ ሰፈር አውራ ነቃይ ነበረች። እጇ ሳይንቀጠቀጥ፣ ወሬዋንም ሳታቋርጥ ትነቅላለች። ለሁሉ ነቅላ ለራሷ የሚነቅልላት ስታጣ ግን ታወረች። አዲስ አበባ ተምሬ፣ ብዙ ለፍቼ የዓይን ሐኪም ከሆንኩ በኋላ ዕጣ አውጥተው ወደ አገሬ ሲልኩኝ ጓደኞቼ አዘኑልኝ። እኔ ግን እሷን እያሰብኩ በሎንቺናው መስኮት ዝም ብዬ ሳለቅስ ነው የመጣሁት።

አሁን ዓይኑን ሞራ የጋረደው ሰው ጠዋት ገብቶ ከሰዓት ቤቱ ይሄዳል። ያኔ እንዲህ አልነበረም። ዓይኑን ከፍተን ሞራውን ሙሉውን እናወጣዋለን፤ ከዚያ የተከፈተውን በር ከፀጉር በቀጠነ ክር ጥቂት ቦታ እንይዘዋለን። ክሩ እስኪይዝ ሰውየው ሁለት ዓይኑ ታሽጎ፣ ራሱ ግራና ቀኝ በአሸዋ ከረጢት ተደግፎ በጀርባው ይተኛል። መሳል የለም፣ ማስነጠስ የለም፣ ማማጥ የለም፣ ማልቀስ የለም። አንዲት ብርቱ ጩኸት ክሩን በጥሳ የዓይኑን ውስጥ እንደ እንቁላል ልታፈሰው ትችላለች። ለዚህ ስል በክፍሉ ውስጥ በርበሬ ከለከልኩ። የቡሬን ሰው በርበሬ መከልከል እንግዲህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አንድ ሽማግሌ ከትራሱ ሥር ሚጥሚጣ ተገኝቶበት "ሐኪም፣ ዓይኔን አከምክ እንጂ ምላሴን ማን ሰጠህ?" ብሎኛል።

እመት ጥሩሴት የመጡት ከቋሪት፣ ከገበዝ ማርያም በላይ ካለ መንደር ነው። ወንድማቸው አያ ቢተው በበቅሎ ጭነው፣ ልጓሙን ራሳቸው እየሳቡ አመጧቸው። አንደኛው ዓይናቸው በልጅነታቸው በፈንጣጣ ጠፍቷል። የቀረውን አንዱን ሞራ ጋርዶት ብርሃንና ጨለማ ብቻ ይለያሉ። ባል የሞተባቸው ናቸው፤ ያላቸው አንድ ልጅ ነው፣ ምንይችል የሚባል። እሱም ጅጋ ገበያ ጨው ሊገዛ ወጥቶ ታፍሶ ከሄደ ሁለት አዝመራ አልፎታል። አንድ ዓይን ብቻ ያለውን ሰው መንካት የምፈራውን ያህል የምፈራው ነገር የለም።

"እናቴ፣ ይህ ዓይን ቢበላሽ ሌላ የለዎትም" አልኳቸው።

"አውቃለሁ የኔ ጌታ።"

"እንዲሁ ብርሃን እያዩ መኖር ይሻልዎት ይሆን?"

ሳቅ አሉ። "ልጄ የወጣ ዕለት ዓይኔ ዳመና ነበር። ጥላውን ነው ያየሁት የሄደውን። ሲመለስ ደግሞ በድምጡ ልቀበለው? ከፊቱ የተለወጠውን ሳላይ? አይሆንም፤ ይሥሩት። የጠፋም እንደሆን የጠፋው የኔ ነው፣ አልወቅስዎትም።"

ሠራሁት። ሞራው በሙሉ ወጣ፣ ክሩም ደኅና ያዘ። አሽጌ ስጨርስ ካኪዬ ከጀርባዬ ጋር በላብ ተጣብቆ ነበር። አያ ቢተውም ያላጨዱት ገብስ ስለነበረባቸው አደራ ብለውኝ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ወተትና ሾርባ በደንብ ይጠጡ፣ ሥጋም ሲገኝ ይብሉ ብዬ አዘዝኩ፤ ሰውነታቸው ከስቶ ነበርና።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ማለዳ አያ ቢተው ተመልሰው የሐኪም ቤቱ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። አብረዋቸው ታናሽ እኅታቸው የኔአየሁ ነበረች። ሻሽ አስራለች፣ በሻሹ ጠርዝ ግን ትኩስ የተላጨ ራስ ይታያል። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋዋለች። የአገሬን ልብስ ማንበብ የሚያስተምረኝ ሰው አያስፈልገኝም ነበር።

"ማነው?" አልኩ።

አያ ቢተው ዙሪያቸውን አዩ። "ምንይችል ነው፣ ሐኪም።"

"መንግሥት ነገራችሁ?"

"መንግሥትማ መች ይነግራል። አብሮት የነበረ ልጅ አንድ እግሩን እየጎተተ ነው የመጣ። በእጁ እንደቀበረው ነገረን። ልጁ ያለ…" ብለው አቋረጡት። "ያለበትን አይጠይቁኝ። ከድቶ ነው የመጣ።"

በዚያ ዘመን ከግንባር የሚመጣ ሞት በሊቀመንበር በኩል ካልመጣ የጠላት ወሬ ይባላል። ያለ ፈቃድ ድንኳን የጣለ ወሬ ነዢ ይሆናል፤ የከዳውን ልጅ የደበቀ ደግሞ ከዚያ የባሰ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ያንን ሁሉ ይዘው በቀን ብርሃን ደጃፌ ላይ ቆመዋል። ወዲያው ከማንጎው ዛፍ ኋላ ወሰድኳቸው።

"ልንነግራት ነው የመጣን" አሉ አያ ቢተው።

"አይቻልም። የዓይናቸው በር በክር ነው የተያዘው። አንድ ጊዜ ከጮኹ ያ ዓይን ፈሰሰ ማለት ነው።"

"ዐርባው ደርሷል እኮ፣ ሐኪም! እናቱ እርሟን ሳታወጣ የልጅ ዐርባ እንዴት ይወጣል? ደግሞ እሷ እዚህ ወተት ትጠጣለች አሉኝ፣ ሥጋ ትበላለች። እርም አይደለም? ልጇ መሬት ተጭኖት እሷ ሥጋ ስትበላ እኛ ቆመን ማየታችን ምን ይባላል?" ድምፃቸው ተሰበረ። "ዓይን ነው የሚበልጥ ነፍስ?"

እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝ። እርም ማለት ምን እንደሆነ በመጽሐፍ አይደለም የተማርኩት። የኔአየሁ ተናገረች፤ እስከዚያ ድረስ መሬት መሬት ነበር የምታየው።

"ወንድምዬ፣ ልጅም የለ፣ ዓይንም የለ ልትሆን ነው? በምን ተመርታ ለዐርባው ቤተ ክርስቲያን ትሂድ? ፋሻው እስኪፈታ ሆድ ይፍጀው።"

አያ ቢተው በጣታቸው ሲቆጥሩ ቆይተው ዐርባው ፋሻው በሚፈታበት ማግስት እንደሚውል ሲገባቸው ትንሽ ቀለል አላቸው። "ደግ" አሉ። "እንዳሉ ይሁን። ልያትና ልመለስ።" የኔአየሁን ነጠላዋን እንድታስተካክል ነገርኳት፤ እመት ጥሩሴት ሰውን የሚያውቁት በመዳሰስ ነው፣ ጥለቱ አንገት ላይ መሆኑን በጣታቸው ያገኙታል። ለወሬው ስንጠነቀቅ፣ ለልብሱ ስንጠነቀቅ፣ ለሌላው ነገር ማናችንም አላሰብንም።

ገና ከመግባታችን እመት ጥሩሴት ኮቴውን ለይተው "ቢተው ነህ?" አሉ።

"እኔው ነኝ።"

"ምነው ተመለስህ? ገብሱን ለማን ጣልኸው?"

አያ ቢተው ዱላቸውን ግድግዳው ላይ ያስደግፉ ጀመር። ገብሱን ጥሎ ያንን ሁሉ መንገድ በእግሩ የሚመለስ ሰው ያለ ነገር አይመለስም፤ ይህ ደግሞ ለእናት አይሰወርም። የእመት ጥሩሴት እጅ አልጋውን ጨበጠ። ደረታቸው ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ። "ምንይችል ምን ሆነ?" አሉ። "ቢተው! ምን ሆነብኝ?" ከትራሱ ቀና ሊሉ ሲሉ እኔ ትከሻቸውን ያዝኩ።

"ምንም አልሆነ!" አሉ አያ ቢተው በጩኸት ያህል። "ደኅና ነው! ሰላምታ ልኮልሽ፣ እሱን ልነግርሽ ነው የመጣሁ። ሰው መጥቶ ደኅና ነው አለን።"

እመት ጥሩሴት በጀርባቸው እንደተኙ፣ ራሳቸው በአሸዋ ከረጢት መሐል እንደሆነ፣ "እልልልልል!" አሉ። አንድ ጊዜ አይደለም። የሐኪም ቤቱ ቆርቆሮ እስኪያስተጋባ ደጋግመው አሉት። ከፋሻው ሥር እንባቸው እየወረደ ጆሯቸው ውስጥ ይገባል። "እናቴ ይተዉ! ኧረ ዓይንዎ!" እላለሁ፤ ማን ይስማኝ። ለሐዘን እንባ ነበር እኔ በር የዘጋሁት፤ የደስታ እንባ ይመጣል ብሎ ማን ያስባል?

እልልታው ሳያልቅ በሩ ተከፈተ። የገባው ጓድ ዋለ ነው፤ የከተማው የአብዮት ጥበቃ ኃላፊ። ሁልጊዜ የተተኮሰ ሳፋሪ ይለብሳል፣ ቤት ውስጥም ጥቁር መነጽሩን አያወልቅም። ሕዝቡ ለማስፈራራት ያደረገው ይመስለው ነበር። ዓይኑ ፀሐይ ሲነካው ስለሚያለቅስበት መሆኑን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ጠብታ እሰጠው ነበር። ያን ዕለትም ጠብታ ፈልጎ ነው የመጣው።

"ምንድን ነው? ሐኪም ቤት ነው ሠርግ ቤት?" አለ።

"ልጄ ሰላምታ ላከልኝ!" አሉ እመት ጥሩሴት። "ከጦር ግንባር!"

ጓድ ዋለ ወደ አያ ቢተው ዞረ። "ሰላምታውን ማን አመጣው?"

አንድ ስም ቢወጣ ያ እግሩን የሚጎትተው ልጅ አለቀለት። አያ ቢተው ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብስበው "ጓድ፣ ሰላምታ መንገደኛ ነው፤ ካፍ ወዳፍ ነው የደረሰን" አሉ።

"የመጨረሻው አፍ የማን ነው?"

የየኔአየሁ እጅ ወደ ሻሿ ሄዶ ጠርዙን ወደ ታች ጎተተው። ጓድ ዋለ ያንን እጅ አየ። ከሻሹ ሥር ያለውንም ያየ ይመስለኛል፤ እሱም የዚሁ አገር ሰው ነው፣ የተላጨ የሴት ራስ ምን እንደሚል ያውቃል። እመት ጥሩሴት ደግሞ ከአልጋው ላይ "ምነው ጓድ፣ ደኅና ነው አሉ እኮ! እርስዎም ደስ ይበልዎት እንጂ!" ይላሉ። ሰውየው ቆመ። ከመነጽሩ ጀርባ ያለውን ማየት አልቻልኩም። "እንኳን ደስ ያለዎት፣ እናቴ" ብሎ፣ ጠብታውንም ሳይወስድ ወጣ።

ምሕረት ይሁን፣ ወይስ ሰው ሊያስከትል ሄዶ ይሁን ማን ያውቃል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ። ከዚያ በኋላ በደረጃው ላይ ቡትስ ጫማ በተሰማ ቁጥር መጡ እላለሁ። አልመጡም። ለምን እንዳልመጡ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ጓድ ዋለንም ኋላ ሌላ ቦታ አዛወሩት መሰለኝ፣ ጠፋ።

ፋሻውን ገልጬ ሳይ ከብሌኑ ፊት ቀጭን ደም ተኝቷል። ክሩ አልተበጠሰም፣ ግን ተወጥሯል። ደሙ ከሳሳ ተረፍን፤ ከጨመረ የእመት ጥሩሴት ዓይን እዚያው አበቃ። ጠዋትና ማታ እየገለጥኩ በባትሪ አየዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ባለው ሰሞን የበላሁትን አላስታውስም። የማስታውሰው አያ ቢተውን ነው። ጥለው መሄድ ስላልቻሉ አልጋው አጠገብ ሰነበቱ። ውሸት ደግሞ አንዴ ከተወለደ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ያድጋል። "ከስቷል አሉህ?" ይላሉ እመት ጥሩሴት። "ኧረ ወፍሯል አሉ።" "ጢምስ?" "አብቅሏል።" "እንደ አባቱ ቀላ ያለ?" "አዎ፣ ቀላ ያለ።" የሞተው ልጅ በአጎቱ አፍ ጢም አበቀለ፣ ማዕረግ አገኘ፣ ለጥምቀት ፈቃድ ጠየቀ። አያ ቢተው እንዲህ አውርተው አውርተው ይወጡና ከግድግዳው ጀርባ ጋቢያቸውን አፋቸው ውስጥ ጠቅጥቀው ያለቅሳሉ። አንድ ቀን አጠገባቸው ብቆም "ሐኪም፣ አሁን ሁለቴ ነው የምገድለው" አሉኝ።

ደሙ ቀስ በቀስ ሳሳ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ዓይኑ በጠራ ቁጥር ግን ፍርሃቴ ባሰ። እመት ጥሩሴት ቀኑን ሙሉ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ሆነ፦ "ከደጃፌ ቁልቁለቱ ድረስ ያሳየኛል? ልጄ ከዚያ ብቅ ሲል?" እኔም ያሳያል እላለሁ፤ እውነት ነው፣ ያሳያል። ያን ያህል ያስፈራኝ እውነት በሥራዬ ዘመን አልገጠመኝም።

ፋሻው የሚፈታበት ማለዳ ደረሰ። ዘመዶቹን አንድ ነገር ለመንኳቸው፤ መጀመሪያ ትንሽ ይዩ፣ ማንጎውን፣ ሰማዩን፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ትነግሯቸዋላችሁ አልኩ። አያ ቢተው ግን ራሳቸውን ተላጭተው ነበር። የኔአየሁም ሻሿን ፈትታ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ መጣች። "ፋሻው እስኪፈታ ነው ያልን" አለችኝ በቀስታ። "ከዛሬ ወዲያ እሷን መዋሸት ሙቱን መበደል ነው።" መስኮቱን በግማሽ ዘጋሁት፣ የክፍሉ ነርስም በሩ ላይ ቆመች።

ፈታሁት። ሞራው የወጣለት ሰው ያለሱ አጥርቶ የማያይበትን ወፍራም መነጽር አፍንጫቸው ላይ አስቀመጥኩ። እመት ጥሩሴት ዓይናቸውን አርገብገብ አደረጉና በመጀመሪያ ያዩት እኔን ነበር። "አንቱ! ልጅ ነዎ እንዴ?" አሉ በመገረም። "በድምጥዎ ሽማግሌ ይመስሉኝ ነበር።" ሳቁ። እኔም ልስቅ ሞከርኩ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ወንድማቸው አዞሩ።

የተላጨውን ራስ አዩ። ወደ እኅታቸው አዩ፤ ከራሷ ወደ ነጠላዋ፣ ከነጠላዋ ወደ ፊቷ። እመት ጥሩሴት ሳቃቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀርቶ ቀስ በቀስ ሲከስም ተመለከትኩ። እጃቸውን ወደ መነጽሩ ወሰዱ፤ ሊያወልቁት ነው አልኩ። አላወለቁትም፤ በሁለት እጃቸው አጥብቀው ያዙት።

"ሐኪም" አሉኝ ዓይናቸውን ከእኅታቸው ሳያነሱ። "እንባ አይፈቀድም ብለውኝ ነበር።"

"አዎን፣ እናቴ።"

"እስከ መቼ ነው?"

የሕክምና መጽሐፉ ገና ብዙ ሳምንት ይላል። ውጭ ደግሞ የሐኪም ቤቱ ዘብ አለ፤ ከዚህ ክፍል ዋይታ ቢወጣ የት እንደሚደርስ ሁላችንም እናውቃለን። "ዛሬ ይፈቀዳል" አልኳቸው። "ብቻ አይጩኹ። ዓይንዎንም አይጨፍኑት፤ ሲጨፍኑት ነው የሚጎዳው።"

ያ ዓይን ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አየ። የልጃቸው ዐርባ ሲወጣ አየ፣ መንግሥት ሲለወጥም አየ። ያን ማለዳ ግን እመት ጥሩሴት አልጋው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ድምፅ ሳያወጡ፣ ዓይናቸውን አንዴም ሳይጨፍኑ፣ እያዩን አለቀሱ።